ከኩዌት ወደ ሮቤ የተላከ ብርድ

ለምወድሽና ለማከብርሽ ለታላቅ እህቴ ለሙሉካ፣

አሰላሙ ዓለይኪ ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ደረጃ ስትወጪ የሚይዝሽ ጉልበትሽ ተሻለው? በዘይት የተቃጠለው ክንድሽስ ጠባሳው ጠፋ ወይስ እንዳለ ነው? እንቅልፍ ታገኛለሽ? በረመዳን እንግዳ ከመብዛቱ የተነሳ ቆመሽ እንደምታፈጥሪ ሰምታ እማዬ ሦስት ቀን አኩርፋ ነበር፤ በማን ላይ እንዳኮረፈች እሷም አታውቅም። የአሠሪሽ የማዳም ትንሿ ልጅ አሁንም ካንቺ እጅ ካልሆነ አልጎርስም ትላለች? ትልቋስ ትምህርት ቤት ገባች? ስለ እነሱ ስጠይቅሽ ለራሴም ይገርመኛል፤ አይቻቸው የማላውቃቸውን ልጆች ከጎረቤት ልጆች እኩል በስም አውቃቸዋለሁ።

ሌላ ጊዜ እዚህ ቦታ ላይ «እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፣ ካንቺ ናፍቆት በስተቀር ምንም አላጣንም» ብዬ አልፋለሁ። ዛሬ እዚህ ስደርስ እጄ ቆመ። ሁላችንም በሕይወት አለን፤ ለዚህ አላህ ይመስገን። የቀረውን ግን ደህና ነው ብዬ ልጽፍልሽ አልቻልኩም። እስካሁን የዋሸሁሽ ይበቃኛል።

ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ ዘይነዲን ነው፤ ከመናኸሪያው ማዶ ጨርቅ የሚሸጠው፣ ወንድሙ እዚያው ኩዌት ያለው። በራስሽ እጅ እንጂ ለሌላ ሰው እንዳይሰጥ አስምዬዋለሁ። ከሪራ የመጣ ማርም ይዞልሻል፤ እማዬ እንዳይፈስ ብላ ሦስት ጊዜ ጠቅልላዋለች። ማሩን ከፈለግሽ ለማዳምም አቅምሻት፣ ደብዳቤውን ግን ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

በስልክ ለምን አልነገርከኝም እንዳትዪኝ። ዓርብ ዓርብ ስትደውዪ አባባ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርገው ምንጣፉ መሃል ያስቀምጡታል፤ ሁላችንም ዙሪያውን ከበን ነው የምንሰማሽ። በዚያ መሃል ምን ብዬ ልንገርሽ? ሁለት ጊዜ ስልኩን ይዤ ወደ ግቢ ልወጣ ሞክሬ ነበር። አንዴ አባባ በዓይናቸው መለሱኝ። አንዴ ደግሞ ወጥቼ አጥሩ ጋ ቆሜ አፌን ስከፍት አንቺ ቀደምሽኝና «ፈታሕዬ፣ ኮራሁብህ» አልሽኝ። ተመልሼ ገብቼ ስልኩን ምንጣፉ ላይ አስቀመጥኩት።

እንግዲህ ሳላዞር ልንገርሽ። የፀሐይ ሙቀት እንዳያስገባ መስኮት ላይ የሚለጠፈው፣ የላክሽው የመስታወት ላስቲክ አልተሸጠም። ሱቁን ከዘጋሁት አራት ወር ሆነው። ሰው ወረፋ ይዞ ይገዛል ብለሽ እንድታምኚ ያደረግንሽ በውሸት ነው። አንቺ ግን ይህንን አምነሽ ከዓረፋ በኋላ ኮንትራትሽን ላታድሺ፣ በመጨረሻው ደሞዝሽ ሌላ ጥቅል ገዝተሽ ልትመጪ ተሰናድተሻል። ለማዳም ከመናገርሽ በፊት ይህ ደብዳቤ እጅሽ እንዲገባ ነው ልመናዬ ሁሉ።

ዕቃው የደረሰን ጥር ላይ ነበር። ስድስት ጥቅል ላስቲክ፣ ውሃ መግፊያው ጎማ፣ ቀዩ አምፖልና ያ ሁለት መስታወት ጎን ለጎን የተገጠመበት ሳጥን፤ አንዱ መስታወት ባዶ፣ አንዱ ላስቲክ የተለጠፈበት። ከዕቃው ጋር የላክሽውን ደብዳቤ እስካሁን በቃሌ እወጣዋለሁ። አንድ ሻጭ ማዳም ቤት መጥቶ አምፖሉን አብርቶ የቤቱን ሰው ሁሉ ተራ በተራ እጅ ሲያስዘረጋ አንቺ ከኩሽናው በር ቆመሽ እንዳየሽ ጻፍሽልኝ። ሰዎቹ ወጣ ሲሉ ተደብቀሽ እጅሽን አስጠጋሽ። በባዶው በኩል ያቃጥላል፣ በተለጠፈበት በኩል ግን «እሳቱ ሞተ፣ እጄ የሪራ ጫካ ውስጥ የገባ መሰለኝ» አልሽ። «ለአገሬ ሰው ከዚህ የተሻለ ምን ልልክ እችላለሁ?» ብለሽም ጨመርሽበት።

እህት ዓለም፣ ጥር ላይ ሮቤ እንዴት እንደሚነጋ ረስተሽዋል። ሣሩ በአመዳይ ነጭ ሆኖ ነው የሚያድረው። የቧንቧው ውሃ እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ እጅ ይቆርጣል። ሰው ከቤቱ ወጥቶ ግድግዳ ተደግፎ ፀሐይ የሚጠብቅበት አገር ነው። አልፈርድብሽም። ስምንት ዓመት ሙሉ ሰገነት ላይ ልብስ ስታሰጪ ፀሐይ ጠላትሽ ሆናለች፤ አገርሽን ስታስቢ አንቺ ያጣሽውን ቅዝቃዜ ተመኘሽላት። ይህን የሚያህል ስህተት የሚሠራው ከልቡ የሚወድ ሰው ብቻ ይመስለኛል።

እማዬ መቼም አፏ አያርፍ፣ «ይቺ ልጅ ሮቤን ከየትኛው አገር ጋር አምታታችው? እኛ ፀሐይ ፍለጋ ነው የምንዞረው!» አለች። እኔም ሳቅሁ። አባባ ግን አልሳቁም። ጥቅሎቹን አንድ በአንድ ዳሰሱና «ኢንተለ ቲያ፣ ልጄ፣ እሳት ውስጥ ተቀምጣ ብርድ ላከችልኝ። ይህ እንዴት ነው አልፈልግም የሚባለው?» አሉ። ከዚያም ትእዛዝ ሰጡ፤ በስልክም ሆነ በደብዳቤ ማናችንም እዚህ ይበርዳል እንዳንልሽ። የአባባን ትእዛዝ ታውቂዋለሽ፤ አንዴ ከወጣ ወጣ ነው። እማዬ እንኳ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስትደውዪ ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ «አየሩ ጥሩ ነው» ትልሻለች።

የመጀመሪያው ላስቲክ ደግሞ በእሳቸው መስኮት ላይ እንዲለጠፍ አዘዙ። ሻጩ ራሱ ቤቱ ያላስገባውን ዕቃ ማን ያምናል ነው ነገሩ። ያቺን የምሥራቅ መስኮት ታውቂያታለሽ። አንቺ ስትሄጂ የእንጨት መዝጊያ ነበረች፤ በሁለተኛው ዓመት በላክሽው ነው መስታወት ያስገባንላት። ከሱብሒ በኋላ አባባ ቁርኣናቸውን ይዘው እዚያ አጎዛቸው ላይ ይቀመጣሉ፤ ፀሐይዋ ከጉልበታቸው ትጀምርና ቀስ እያለች ደረታቸው ላይ ትወጣለች። እሷን መስኮት ነው የለጠፍኳት። በሳሙና ውሃ አጥቤ፣ በጎማው ገፍቼ፣ አንዲት አየር ሳላስገባ። እንዲህ ያማረ ሥራ በሕይወቴ ሠርቼ አላውቅም።

ሱቁን የከፈትኩት ከሰንበቴ ሻይ ቤት ጎን ነበር። ሰንበቴን አታውቂያትም፤ አንቺ ከሄድሽ በኋላ ነው ከጎባ የመጣችው፣ ቀልደኛ ሴት ናት። ጠዋት ሳጥኑን ጠረጴዛ ላይ አወጣለሁ፣ አምፖሉን አበራለሁ፣ አላፊ አግዳሚውን በአማርኛም በኦሮምኛም እጠራለሁ። የእጅህን ጀርባ በዚህ በኩል አስጠጋ እለዋለሁ። ያስጠጋል። ምን ተሰማህ ስለው ይሞቃል ይለኛል። አሁን ደግሞ ወደተለጠፈበት አዙር እለዋለሁ። ያዞርና ይሄ አይሞቅም ይለኛል። አንቺ የጻፍሽልኝ ሻጭ እዚህ ላይ ነው ዝም የሚለው፤ የማዳም ቤት ሰዎችም እዚህ ላይ ነው «ወላሂ!» ያሉት። እኔም እንደሱ ዝም እላለሁ። ሰውየው እጁን ወደ ባዶው መስታወት ይመልሳል፤ ከመለሰ በኋላ አያነሳም። አንድ የሲናና ገበሬ ሁለቱንም እጆቹን አስጠግቶ፣ ስንዴው ዋግ እንዴት እንደመታበት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አውርቶኝ፣ አመስግኖኝ ሄደ። ላስቲክ የምሸጥ መሆኔን የሰማ አይመስለኝም።

በሳምንቱ ወረፋ ሆነ። እውነት እልሻለሁ፣ ሰው ተሰለፈ። ገበያ የመጡ ሴቶች፣ ጫኝና አውራጆች፣ ከመስጊድ የሚወጡ ሽማግሌዎች ጠዋት ጠዋት እጃቸውን ሊያሞቁ ተራ ይይዙ ነበር። ሰንበቴ ብርጭቆ ስታጥብ የቀዘቀዘ እጇን ይዛ መጥታ «አንዱን ለኔ፣ አንዱን ለደንበኞቼ» እያለች ሁለቱንም ትዘረጋለች። ሁሉም የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ ላስቲኩን ተወውና አምፖሉ ስንት ነው? አምፖሉ አይሸጥም፣ ማሳያ ነው ስል ይናደዱብኛል። ሰንበቴ እንዲያውም የሚፈለገውን ደብቀህ የማይፈለገውን የምትሸጥ ነጋዴ አንተን ብቻ አየሁ ብላኛለች።

«ወረፋ አለ» ብለው አባባ በስልክ የነገሩሽ ያን ጊዜ ነው። በዓይናቸው አይተዋል፣ ስለዚህ ቃሉ ውሸት አልነበረም። አንቺ ግን አለቀስሽ። የደስታ ልቅሶሽ በስልኩ ውስጥ ሲመጣ ሁላችንም አቀረቀርን። ከዚያ ስልኩን ለኔ ሰጡኝና አንቺ «ሌላ ልግዛ?» ስትዪኝ እኔ «ግዢ» አልኩ። ይህቺን አንዲት ቃል አባባ አላዘዙኝም። ከራሴ ነው የወጣችው። ስለሷ አላህም አንቺም ይቅር በሉኝ።

አንድ ሰው ብቻ ከልቡ ገዛኝ፤ የስንዴ ነጋዴው ኦቦ ጉሉማ። አዲስ ቤት ሠርቶ ሳሎኑን በሙሉ መስታወት አድርጎታል፣ ፀሐይ የአዲሱን ሶፋ ቀለም እንዳትበላበት ፈራ። ሁለት ቀን ሙሉ ለጠፍኩለት። ከሥራዬ በኋላ እጄን ስታጠብ ያሰብኩት አንቺን ነበር፤ አንድ በር ከተከፈተ ሌላውም ይከፈታል ብዬ። በአሥራ አምስተኛው ቀን ሚስቱ ወይዘሮ ፀዳለ ሱቄ ድረስ በጋቢ ተጠቅልላ መጣች። አልጮኸችም። ሶፋው እንደፈለገ ይሁን፣ እኔ ግን በገዛ ቤቴ ካፖርት ለብሼ መቀመጥ ሰልችቶኛል አለችና «እባክህ ፀሐዬን መልስልኝ» አለችኝ። በምላጭና በሳሙና ውሃ አንድ ሙሉ ቀን ፋቅሁት። መፋቁ ከመለጠፉ እጥፍ ይከብዳል፤ ሙጫው ጥፍር ውስጥ ይገባል። ስጨርስ ወይዘሮ ፀዳለ ወንበሯን ስባ ብርሃኑ ላይ ተቀመጠችና ዓይኗን ጨፈነች። በሷ ልናደድ ፈልጌ ነበር፣ አልቻልኩም።

ከዚያ ለራሴ መከርኩ። ሙቀት ካልመጣልህ ሙቀት ወዳለበት ሂድ አልኩ። ሳጥኑንና አንድ ጥቅል ይዤ በጃለታ አውቶቡስ ወደ ደሎ መና ወረድኩ። ሳነቴ ላይ ስናልፍ ጭጋጉ በመስኮቱ ቀዳዳ እየገባ ፊቴን ሲገርፈኝ፣ ሙቀት መከላከያዬን አቅፌ እንደ ቅጠል ተንቀጠቀጥኩ። ሹፌሩ ጃለታ በመስታወቱ ዓይቶኝ ሳቀና የራሱን ጃኬት ወረወረልኝ። ሐረና ጫካን አልፈን ስንወርድ ግን አየሩ ተለወጠ። ደሎ መና ስደርስ ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል። ደስ አለኝ፣ ሙሉካ። ሙቀት ደስ ያለኝ ያን ቀን ነው። ቢስሚላህ ብዬ ሳጥኑን ገበያው ዳር ዘረጋሁ፣ ከአንድ ሱቅ መብራት ለምኜ አምፖሉን አበራሁ።

ሰዎቹ ነገሩን ወዲያው ነው የተረዱት። እጃቸውን አስጠጉ፣ አዞሩ፣ «ማሻአላህ!» አሉ። የማዳም ቤት ሰዎች እንዳደረጉት አደረጉ። ከዚያ አንዱ «ቆርቆሮ ላይ ይለጠፋል?» አለኝ። ያኔ ነው ቀና ብዬ ዙሪያዬን ያየሁት። ቤቱ ሁሉ የእንጨት መስኮት ነው። ሱቁ ሁሉ የእንጨት መዝጊያ ነው። መስታወት ያለው ቤት ሦስት ቆጥሬያለሁ፣ ሦስቱም የመንግሥት፣ ሦስቱም በጀት እስኪመጣ ጠብቅ አሉኝ። ለቆርቆሮው ሰውዬ እምቢ ማለት አቃተኝና ጣሪያው ላይ ወጥቼ አንድ ክንድ ያህል ለጠፍኩለት። እኩለ ቀን ሳይሆን ተጠቅልሎ ወደቀ። መስታወት ባለበት አገር ሙቀት የለም፣ ሙቀት ባለበት አገር መስታወት የለም። ሰውየው አልተቆጣኝም፤ ዛፍ ሥር አስቀምጦ ወተት አጠጣኝና «ከዚህ ዛፍ የበለጠ ምን ታመጣልናለህ ልጄ?» አለኝ። በማግስቱ ተመለስኩ።

ሰኔ ላይ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ በኃይል መጣና አምፖሉ ፈነዳ። ሰንበቴ ከሻይ ቤቷ ሮጣ መጥታ ስብርባሪውን አየች፤ ለቀልድ ብላ «እግዚአብሔር ያጽናህ» አለችኝ። ወዲያው ግን የሁለታችንም ሳቅ ጠፋ። ሌላ እንዲህ ያለ አምፖል በሮቤም በጎባም ፈልጌ አላገኘሁም። ያለ አምፖሉ ደግሞ ማን ይቆምልኛል? ሳጥኑን ወደ ቤት ይዤ ገባሁ፣ ቁልፉን ለባለቤቱ መለስኩ። አሁን ኦቦ ጉሉማ አዝኖልኝ መጋዘኑ ውስጥ ሥራ ሰጥቶኛል፤ ጆንያ እሰፋለሁ። ከአዝመራው በፊት ሥራው ቀዝቀዝ ያለ ነው፣ ኅዳር ላይ ኮምባይነሮቹ ሲመጡ ይበዛል ይሉኛል። አላፍርበትም። የማፍረው አንቺ «ነጋዴው ወንድሜ» እያልሽ ለጓደኞችሽ ስታወሪ ዝም በማለቴ ነው።

ይህ ሁሉ ለኔ ነው፣ ይሁን፣ ያልፋል። ስለ አባባ ግን ልነግርሽ የሚገባኝ አለ።

ያቺ መስኮት ከተለጠፈች ጀምሮ ክፍላቸው ቀዝቅዟል። ፀሐይዋ ትታያለች፣ አትሞቅም። አባባ ግን ከቦታቸው አልተነሱም። እማዬ ግቢ ውጡና ፀሐይ ሙቁ ስትላቸው «እዚህ ደህና ነኝ» ይሏታል። ሐምሌ ላይ ሳል ጀመራቸው። ስሙኒ የማታህል ሳል ነበረች፣ ነሐሴ ላይ ደረታቸውን ይዛ አልለቅ አለች። ጉልበታቸውም አብጦ ለሶላት ሲቀመጡ ያቃስቱ ጀመር። ጎባ ወስጄ አሳየኋቸው። ሐኪሙ መድኃኒት ጻፈና ብርድ አይምታቸው፣ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ይሙቁ አለኝ። አባባ ወደ እኔ አልዞሩም። ቤት ስንደርስ ቀጥ ብለው ሄደው ያቺው መስኮት ሥር ተቀመጡ።

መስከረም ላይ ሲናና ለለቅሶ ሄደው ሁለት ቀን አደሩ። በዚያ መሃል ነው ላስቲኩን የፋቅሁት። ባለቤቴ ዙሀይራ ውሃ እያሞቀች ታቀብለኝ ነበር፤ በኋላ ማን ያድነናል እያለች ትፈራ ነበር፣ ግን አልከለከለችኝም። ሲመለሱ ጠዋት ነበር። እንደ ልማዳቸው ገብተው አጎዛቸው ላይ ተቀመጡ። እኔ በሩ ላይ ቆሜአለሁ። ፀሐይዋ ጉልበታቸው ላይ አረፈች። ጉልበታቸውን አዩ። መስታወቱን አዩ። እጃቸውን መስታወቱ ላይ አድርገው ረጅም ጊዜ ቆዩ፤ ትከሻቸው ቀስ እያለ ሲፈታ አየሁት፣ ስምንት ወር ሙሉ እንደዚያ አልተፈታም። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። ወደ እኔ ሳይዞሩ «ከመምጣቷ በፊት መልሰህ ለጥፈው» ብቻ አሉኝ።

ይህን ከሰማሁ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። በዚያ ሳላቸው፣ ኅዳር ላይ አመዳዩ ሲጀምር፣ አንቺ መጥተሽ ደስ እንዲልሽ ብለው ብርድ ላይ ሊቀመጡ ነው። ያደርጉታልም። አንቺ ደግሞ አጠገባቸው ተቀምጠሽ «አይቀዘቅዝም አባባ? ጥሩ ነው አይደል?» ትያቸዋለሽ፤ እሳቸውም አዎን ይሉሻል። ይህን እያየሁ መቆም አልችልም። ለዚህ ነው ትእዛዛቸውን ጥሼ የምጽፍልሽ።

ጥቅሎቹን አትግዢ። ይህን ታናሽሽ ብሆንም አዝሻለሁ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ታዘዢኝ። መምጣትሽን በተመለከተ ግን ምን እንደምልሽ ስንት ወረቀት ቀደድኩ። እዚህ ቤት ያለን ሁሉ እንድትመጪ እንፈልጋለን፤ እዚህ ቤት ያለን ሁሉ መምጣትሽንም እንፈራለን። እማዬ አልጋሽን አራግፋ አንጥፋለች፤ በዚያው ቀን ደግሞ የአባትሽ መድኃኒት ከየት ይመጣል ብላ ስታጉረመርም ሰምቻታለሁ። እኔም ከሷ አልሻልም። ጆንያ እየሰፋሁ ሁለት ዓመት ብትጨምር ምን አለበት የምልበት ቀን አለ። ከዚያ ያ ሰገነት ይታወሰኝና ራሴን እጠላዋለሁ። ስምንት ዓመት ተቃጥለሽልናል፤ ሁለት ጨምሪ የሚል ቃል በእጄ አልጽፍም።

የኔን ልብ ከጠየቅሽኝ ነይ። የሚጠብቅሽ ሱቅ የለም፣ የሚጠብቅሽ ሥራም የለም፤ ይህን አውቀሽ ከሆነ ነይ። አባባ ግን አሁን አሉ። እስከ መቼ እንደሚኖሩ አላውቅም። ብትቀሪም አልቀየምሽም፣ ማንም አይቀየምሽም፤ የተቀየመሽ ካለ እኔ አለሁ። ብቻ የምትወስኚው በውሸት ላይ አይሁን።

እማዬ በጣም ሰላም ብላሻለች፤ ማሩን ለሌላ ሰው አብዝተሽ እንዳትሰጪ ብላለች። ዙሀይራ ሰላም ትልሻለች፤ አይታሽ ባታውቅም የእህትነት ናፍቆት አለባት፣ አላህ ካለ በጥር ወር ልጅ ተጨምሮልን ሦስት እንሆናለን፣ ሴት ከሆነች ስሟን አንቺ ታወጪላታለሽ። ኦቦ ጉሉማና ወይዘሮ ፀዳለ ሰላም ብለውሻል፤ ስለ መስታወቱ ቂም አልያዙም። ሰንበቴም የባለአምፖሉን እህት ሰላም በልልኝ ብላለች። ለማዳም ልጆች፣ ለሁለቱም፣ ሰላምታዬ ይድረሳቸው።

የአባባን ሰላምታ ልጽፍልሽ አልችልም፤ መጻፌን አያውቁም። ከጎኔ ባለው ክፍል ሲያስሉ እየሰማኋቸው ነው የምጽፈው። እንድትመጪም ሆነ እንድትቀሪ ወስነሽ ዓርብ ስትደውዪ ይህን ደብዳቤ እንዳታነሺባቸው። ስልኩ መሃል ላይ ተቀምጦ ሁላችን ዝም ብለን ስንሰማሽ፣ ስለ ሽያጩ ሳትጠይቂ፣ «አባባ፣ ብርዱ እንዴት አደረገዎት?» በያቸው። ካንቺ አፍ ከሰሙት፣ በርዶኛል ማለት ይችላሉ።

የሚወድሽ ወንድምሽ
ዓብዱልፈታሕ ኡመር
ሮቤ፣ ባሌ
ጥቅምት 4 ቀን 2002 ዓ.ም.